የቅዳሜው አርአያ

ጡረተኛው ጋሽ መንበሩ ከጤና ጣቢያው የስኳር ሕመምተኞች የቅዳሜ ስብሰባ ሦስት ዓመት ሙሉ ቀርተው አያውቁም። ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣሉ፤ በየቀኑ አንድ ሰዓት በእግራቸው ይሄዳሉ፤ መርፌ የፈሩትን ደግሞ «አይዞሽ እህቴ፣ ይለመዳል» እያሉ ያደፋፍራሉ። በተለኩ ቁጥር ስኳራቸው ልክ ስለሚሆን የዓመቱ አርአያ ተብለው ተመረጡ።

ሲስተር አልጋነሽ ለምስክር ወረቀቱ ብላ የሕክምና ካርዳቸውን ብትፈልግ አጣችው። ለብቻቸው ጠርታ ጠየቀቻቸው።

«ስኳር የነበረባት ባለቤቴ ናት» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «እኔ እሷን አጅቤ ነበር የምመጣው። ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው።»

«ታዲያ እርስዎን ምን ያመላልስዎታል፣ ጋሼ?»

«እባክሽ ልጄ፣ ለሰው አትንገሪብኝ። ‹ምሳ በልተዋል ወይ? እግርዎስ ደህና ነው ወይ?› ብሎ የሚጠይቀኝ ሌላ ሰው የለኝም።»