ልቅሶ የማይወድ ሣጥን

ባሏ በሞተ በሳምንቱ ጥሩወርቅ ጥቁሯን አውልቃ ቀይ ቀሚስ ለበሰች። ወዳ አይደለም። ከቀብር ስትመለስ ወድቃ እግሯ ተሰብሯል፤ ማስታገሻው ኪኒን ደግሞ ያለው መንግሥት በየቤቱ ግድግዳ ላይ ባስገጠመው ሣጥን ውስጥ ነው። ሐዘንተኛ ለኪኒን ሱስ ይጋለጣል ስለተባለ፣ ሣጥኑ ከፊቱ ጥቁር የለበሰ ካየ ወይም ልቅሶ ከሰማ አይከፈትም። ይህን ደንብ ያወጡት ሊቃውንት ሰው ሞቶባቸው የሚያውቅ አይመስልም።

«ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ዛሬ ሐዘን ተሰምቶዎታል?» አላት ሣጥኑ።

«ምን ጎሎብኝ» አለች በክራንቿ ተደግፋ፣ ጥርሷን እያሳየችው።

በዚህ መሃል መርዶውን ዘግይታ የሰማችው የባሏ እህት አስካለ ከገጠር ደረሰች። «ወይኔ ወንድሜ!» እያለች፣ ደረቷን እየደቃች ገባች።

«ማን ነው የሚያለቅሰው?» አለ ሣጥኑ።

«ቴሌቪዥን ነው» አለች ጥሩወርቅ፣ አስካለን ዓይን ዓይኗን እያየች።

ሣጥኑ ስለ መልካም መንፈሷ አመስግኖ አንዲት ኪኒን ጣል አደረገላት።

አስካለ ቀዩን ቀሚስ አይታ ክው አለች። «ወንድሜን እንዲህ ነው የተገላገልሽው?»

ጥሩወርቅ ኪኒኗን ያለ ውሃ ዋጠችና ወደ አስካለ ጆሮ ጠጋ አለች።

«የእኔንም ጨምረሽ አልቅሺልኝ» አለቻት በሹክሹክታ። «ግን ጓሮ ሄደሽ። እግሬን ነገም ያመኛል።»