የመጨረሻዋ ቁንጣሪ ካታሊስት

ራቢያ የናሙና ጠብታ ያሳረፈችባትን ስስ ፕሌት ከአልትራቫዮሌት መብራቱ ስር ታስገባለች። አንድ ነጥብ ብቻ። ጠዋትም ቀትርም እዚያው ነበር፤ አሁንም ንቅንቅ አላለም፤ ውህዱ ቢለወጥ ኖሮ ሌላ ነጥብ ይታይ ነበር። ከጭላሎ ተራራ የወረደው ጭጋግ የቤተ ሙከራውን መስኮት ሸፍኖታል።

ብልቃጡ ውስጥ ያለው ውህድ፣ ፕሮፓርጂል አልኮሉ፣ የዓመት ልፋቷ ነው። ዛሬ ሃይድሮክሲል የሚባለውን ክፍሉን ጥሎ በቦታው ሌላ መያዝ ነበረበት። ካልሆነ የማስተርስ መመረቂያዋ የለም። አማካሪዋ ዶክተር ፍሰሐ ሲያስተምር፣ ካታሊስት ማለት አማላጅ ነው ይላል፤ ሁለቱን አገናኝቶ እሱ እንደመጣ ይመለሳል። የራቢያ አማላጅ፣ ሩተኒየም ከተባለው ብረት የተሠራው ዱቄት፣ ግን ሰርጉን ረስቶታል። ሌላ ደግሞ የለም፤ ከውጭ የመጣው የመጨረሻው ቁንጣሪ ነበር።

ትናንት አመሻሽ ካታሊስቱን መዝና ብልቃጡ ውስጥ እንደጨመረች መብራት ጠፋ። ክዳኑን ገጥማ ሄደች። ዛሬ ጠዋት ሌላውን ሁሉ ስትጨምርበት፣ ያቺ ቡናማ ቅንጣት ዱቄት ትኑር አትኑር አላየችም።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ጠቆረሳ?» የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ አልጣሽ ባዶ ባልዲ ይዘው ቆመዋል።

«ሥራዬ እምቢ አለኝ፣ እትዬ።»

«አይዞሽ፣ ይሆናል። ትናንት ‹ነገ ትልቁ ቀኔ ነው› ስትዪ ሰምቼ፣ ማልጄ ገብቼ ያቺን ክብ ብልቃጥ ሙልጭ አድርጌ አጥቤ በንጹሕ ጨርቅ አድርቄልሻለሁ። ታቿ ላይ ቡናማ አቧራ ይዛ ነበር።»

ያ ረቢ! ራቢያ አፏን ከፍታ መልሳ ትዘጋለች። መጮህ አምሯታል። ሴትዮዋ ግን ምርቃት እንደሚጠብቅ ሰው ፈገግ ብለዋል።

«እጅዎ ይባረክ» ትላለች።

እትዬ አልጣሽ ባልዲውን ሊሞሉ ወደ ጓዳው ይገባሉ። ወዲያው ዶክተር ፍሰሐ ይመጣና ፕሌቱን አንስቶ ያያል።

«ምንም አልሠራም! ካታሊስቱስ?»

«ብልቃጡ… ታጥቦ ነበር።»

«ማነው ያጠበው? ማንም ይሁን ማን፣ ሁለተኛ እግሩ እዚህ ቤት አይረግጥም!»

የእትዬ አልጣሽ ኮንትራት በዚህ ወር ያልቃል። ይታደስ አይታደስ የሚለው እሱ ነው። ራቢያ ወደ ጓዳው አትዞርም፤ ውሃው መውረዱን ሲያቆም ትሰማለች።

«እኔ ነኝ ያጠብኩት» ትላለች።

ዶክተሩ ትክ ብሎ ያያታል። «አንቺ? ሌላ እስኪመጣ እንግዲህ ዓመት ትጠብቂያለሽ።» ወጥቶ ይሄዳል።

እትዬ አልጣሽ የጓዳው በር ላይ ናቸው። የዶክተሩን ቁጣ የውሃው ድምፅ ውጦባቸው፣ የሰሙት ራቢያ ‹እኔ ነኝ ያጠብኩት› ማለቷን ብቻ ነው፤ ከፍቷቸዋል።

«ምነው ልጄ፣ የኔን ልፋት ለራስሽ? ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው! እንጀራዬ እኮ በእሱ እጅ ነው፤ ትጋቴን ይወቅልኝ እንጂ!»

«እትዬ፣ ይቆዩ፣ በአላህ—»

ባልዲውን አስቀምጠው ኮሪደሩ ላይ ወጥተዋል።

«ዶክተር! እኔ ነኝ ያጠብኩት፣ እኔ አልጣሽ!»

የዶክተሩ እርምጃ ቀጥ ይላል።