አንድ ጣሳ ከየቤቱ

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ቡራዩ፣ በስንዱ በር ላይ የቆሙት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ጆንያ የተሸከሙት ኦቦ ነገሳና ጣሳ የያዘችው ጎረቤቷ ብርቅዬ። በሩን የከፈተችላቸው የስንዱ ልጅ ያኔት ናት።

ስንዱ ጓዳ ነበረች። የብርቅዬን ሳቅ ገና ሦስት ቤት ሲቀራቸው ሰምታዋለች። ከዚያ ወዲህ የዱቄቱን ባልዲ አራት ጊዜ ከፍታ አራት ጊዜ ከደነች። ዱቄቱ ያው ነው፤ ቢበዛ ለሦስት ቀን።

በሰፈሩ የመረዳጃ ማኅበር ደንብ እያንዳንዱ ቤት በወር አንድ ጣሳ ዱቄት ይሰጣል። ጆንያው ለተቸገረ ቤት ይሄዳል፤ ለማን እንደሚሄድ የሚያውቁት ኦቦ ነገሳ ብቻ ናቸው። «የቸገረው ሰው ስሙ አይጠራ» ብላ የተከራከረችው ራሷ ስንዱ ነበረች። ያኔ ባሏ ኢተፋ ሰበታ ብየዳ ቤት ይሠራ ነበር። ብየዳ ቤቱ ከተዘጋ ሁለት ወር ሆነው። ኢተፋ ግን ዛሬም የሥራ ልብሱን ለብሶ ወጥቷል፤ ጎረቤት እንዳያውቅ።

«አካም ቡልቴ፣ ስንዱ?» ብለው በኦሮምኛ እንዴት እንዳደረች ጠየቁ ኦቦ ነገሳ።

«ነጋ፣ ደኅና ነኝ ኦቦ!» አለች ስንዱ ከጓዳ ወጥታ። «ይግቡ እንጂ።»

«ኧረ አንገባም፣ ቶሎ በይ!» ብርቅዬ ጣሳውን አቀበለቻት። «የዛሬው ስንዴውም በቆሎውም ተደባልቆ ቁርጥ የሰፈሩን ሰው መስሏል።»

ስንዱ ለመሳቅ ሞከረች። ጓዳ ተመልሳ ጣሳውን ባልዲው ውስጥ ከተተችው። ጣሳው የባልዲውን ግርጌ ፋቀ። ደግሞ ፋቀ። ድምፁ ውጭ ድረስ ተሰማ።

«ምነው፣ ወርቅ ቀብረሻል እንዴ?» አለች ብርቅዬ ከደጅ።

ስንዱ ጣሳውን ሞልታ ወጣች። ጆንያው ውስጥ ገለበጠችው።

ኦቦ ነገሳ ጆንያውን መልሰው አልተሸከሙትም። ጎትተው ከበሩ ኋላ አስደገፉት።

«ወገቤ እምቢ አለኝ። እዚህ ይቆይ።»

«ውይ ኦቦ! ገና ስምንት ቤት ይቀረናል እኮ!»

«ሌላ ጆንያ አለ። አንቺ ጣሳሽን ይዘሽ ቅደሚ።»

«መቼ ይወስዱታል?» አለች ስንዱ።

«እመጣለሁ» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው።

ቀኑን ሙሉ ኮቴ በሰማች ቁጥር ብድግ አለች። እሑድም እንደዚያው፤ ኦቦ ነገሳ ግን አልመጡም። ያኔትን ሁለት ጊዜ «ጆንያውን እንዳትነኪ» ብላ ተቆጣቻት። እሑድ ማታ ባልዲው ውስጥ የቀረችውን ዱቄት ገንፎ አደረገቻት።

ሰኞ ጠዋት ስንዱ የጆንያውን አፍ ፈታች።