ቤቱ የተከሰሰ ቀን

ወይዘሮ ሎረታ ፊላደልፊያ ውስጥ አርባ ዓመት ከኖሩበት ቤት ደጃፍ በነጠላ ጫማ ቆመው፣ አንድ ፖሊስ በራቸው ላይ የማሸጊያ ወረቀት ሲለጥፍ ያዩ ነበር። ልጃቸው ዳሬል ባለፈው ወር እዚሁ ደረጃ ላይ ጥቂት ሄሮይን ሲሸጥ ተይዞ ነበር። እሳቸው በዚያ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ነበሩ።

«እኔ ምን አጠፋሁ?» አሉ።

«እማማ፣ የተከሰሱት እርስዎ አይደሉም። የተከሰሰው ቤቱ ነው።»

«ቤቱ? ታዲያ ካቴናውን በየት በኩል ልታጠልቅለት ነው?»

ፖሊሱ ሳቁን ዋጥ አደረገና ሌላ ወረቀት ዘረጋላቸው። ዳሬል ሁለተኛ ይህን ቤት እንዳይረግጥ ተስማምተው ከፈረሙ ማሸጊያው አሁኑኑ ይነሳል፤ ካልፈረሙ ዕፅ የተሸጠበት ቤት ነው ተብሎ ይወረሳል።

ዳሬል በዋስ ከወጣ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ሻንጣው አጠገብ ቆሞ፣ «እማዬ፣ በቃ ፈርሚ። እኔ የትም አድራለሁ» አላቸው።

ብዕሩን ተቀበሉ። የሚኖሩበት ሌላ ቤት አልነበራቸውም። ፈረሙ። ፖሊሱ ማሸጊያውን ልጦ ሄደ።

ዳሬል ሻንጣውን አንስቶ ሊሄድ ሲል፣ «ቆይ እስቲ» አሉት። ገብተው ሁለት ወንበር እየጎተቱ ወጡና ከደረጃው በታች፣ እግረኛ መንገዱ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጧቸው።

«ና ተቀመጥ። ወረቀቱ ስለ መንገድ የሚለው ነገር የለም። ምሳህን ይዤልህ እመጣለሁ።»

ዳሬል ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ ተቀመጠ።