ከቀኑ ስድስት ሰዓት

«ሌሊት አይደለም!» ሸፊቃ ከወንበሯ ብድግ ብላ እጇን ስክሪኑ ላይ ጫነች። «ሌሊት ነው ያለህ ማነው?»

ገነነ ማውሱን ለቀቀ። ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አለፍ ብሎ ከጫማ መደብር በላይ ባለችው ክፍሉ፣ ያረጁ የቪዲዮ ካሴቶችን እያጸዳ ወደ ዲስክ ሲገለብጥ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የሸፊቃን ሟች ባል የየሲንን ፊልም ግን እንደ ሌላው ሥራ አላየውም፤ ጭረቱን አንድ በአንድ ሲለቅም ሦስት ወር ከርሟል። በሰማንያ ስድስት ዓመተ ምሕረት የፒያሳን ቪዲዮ ቤቶች ያጨናነቀ ፊልም ነው። በየቀኑ በሯ ይንኳኳና ስትከፍት ማንንም የማታገኝ ሴት፣ ቀስ በቀስ የገዛ ጆሮዋን መጠራጠር ትጀምራለች። ሴትየዋን ሆና የተጫወተችው ራሷ ሸፊቃ ነበረች።

«እትዬ ሸፊቃ፣ ኧረ ስክሪኑን ይማሩልኝ» አለ እየሳቀ። «ይኸው የጋሽ የሲን ደብተር፣ በራሳቸው እጅ ጽሑፍ። ‹ስድስት ሰዓት። በሩ ይንኳኳል።› የሚያስፈራ ፊልም ላይ ስድስት ሰዓት መቼም የምሳ ሰዓት አይሆንም!»

«የምሳ ሰዓት ነው።»

«በቀን ቀርጸው ለሌሊት ያሰቡት ነው የመሰለኝ። ያኔ መብራት ከየት ይመጣል? ስለዚህ ጨለማውን እኔ አለበስኩት።»

ስክሪኑ ላይ የሃያ ሰባት ዓመቷ ሸፊቃ በሰማያዊ ጨለማ ውስጥ ቆማለች። የሻሿ ጠርዝና የጉንጯ ግማሽ ብቻ ይታያል። ግድግዳው የለም፤ ጠረጴዛው የለም።

«አዛኑስ? ከጀርባ የዙህር አዛን ይሰማ ነበር። የት አደረግከው?»

«አወጣሁት። በእኩለ ሌሊት የቀትር ሶላት ሊጠራ ነው እንዴ? ሙስሊሙ ሁሉ ይስቅብናል!»

ሌላ ቀን ቢሆን እሷም ትስቅ ነበር። ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ተመለሰች። የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች፤ ምንም ሳታወጣ ዘጋችው።

«መልሰው።»

«መመለሱ ቀላል ነው፣ ዋናው አለ። ግን ቅር አይበልዎትና፣ በቀን አያስፈራም።» የአሁኑ ንግግሩ ቀልድ አልነበረበትም። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለሚያባዙት ሰዎች አስረክባለሁ። አንዴ ከወጣ በኋላ ሰው የሚያውቀው ይህንኑ ነው። የዛሬ ልጅ ፀሐይ እያየ አይደነግጥም፤ ስልኩን አውጥቶ መነካካት ነው የሚጀምረው። ጋሽ የሲንን ላስንቃቸው?»

ክፋት ቢኖርበት ይቀላት ነበር። ገነነ ግን የሚከራከራት ለየሲን ብሎ ነው። «ባሌ እንዲህ ነው የፈለገው» ብትለው፣ ለምን ብሎ ይጠይቃታል። ለምን የሚለውን ደግሞ የሲን ቀረጻው ሊጀመር ሲል በአንድ ትንፋሽ ነግሯት፣ ዳግመኛ አንስቶት አያውቅም። እሷም አላነሳችውም። ባለፈው ዓመት ለቅሶ ላይ ሰው ከቧት ስለ እሱ ሲያወራ እንኳ «አልሐምዱሊላህ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም።

«ዕድሜህ ስንት ነው፣ ገነነ?»

«አርባ አንድ። ሊድሩኝ ከሆነ ሠላሳ አምስት።»

«እንግዲያው አልደረስክበትም።» አልተቀመጠችም። የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጇ ያዘች። «የየሲንን ታላቅ ወንድም ኑሪን የወሰዱት በሰባ ዓመተ ምሕረት ነው። በሌሊት አልመጡም። በቀን ነው የመጡት፤ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ምሳ ቀርቦ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና። በሩ ሲንኳኳ የከፈተላቸው የሲን ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር። ‹እንግዳ መጣ!› እያለ ሮጦ ሄዶ። ኑሪ በዚያው ቀረ።»

ገነነ የየሲንን ደብተር ከደነው።

«ጨለማ ፈርቶ አያውቅም» አለች። «እኩለ ቀን ላይ ነበር ቤት መቀመጥ የማይሆንለት። ዝናብ እየዘነበም ቢሆን ይወጣ ነበር።»

ከታች አንድ ወያላ «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» ይላል። ገነነ ወደ ስክሪኑ ዞረ። የደረበውን ጨለማ አንድ በአንድ ገፈፈው። መጀመሪያ ግድግዳው ወጣ፤ ከዚያ ጠረጴዛው፤ ከዚያ ከመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ምስሉን ሁሉ አነጣው። አዛኑ ቀጥኖ፣ ከሩቅ መጣ። ወጣቷ ሸፊቃ ወደ በሩ ሄዳ ከፈተችው። ማንም የለም።

«እኔ እዚህ ጋ ነው የምቆርጠው» አለ ገነነ፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ካሴቱ ላይ ግን ይቀጥላል። አራት ደቂቃ ያህል ባዶ በር ነው።»

«የሲን ካሜራውን ማቆሙን ረስቶት ነው። እኔ ልብስ ልቀይር ሄጄ ነበር። ባትሪውን ጨረስከው ብዬ ተቆጥቼዋለሁ።»

«እንግዲያስ ልቁረጠው?»

አይታው አታውቅም። የቪዲዮ ቤቶቹ ቅጂ በሩ ሲከፈት ነበር የሚያልቀው።

«ይሂድ እስቲ።»

በሩ እንደተከፈተ ነው። ምስሉ ካሜራውን በያዘው ሰው ትንፋሽ በጥቂቱ ከፍ ዝቅ ይላል። አንድ ደቂቃ አለፈ። ከዚያ ካሜራው መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ቀስ እያለ፣ የሚሰማው ሰው እንዳይኖር የፈራ ይመስል፣ ወደ ደጃፉ ተጠጋ። መንገዱን ወደ ግራ አየ። ወደ ቀኝ አየ። ሰው የለም፤ የቀትር ፀሐይ ብቻ።

ሸፊቃ ወንበሩን ለቀቀች።

ካሜራው ወደ ኋላ፣ ወደ ክፍሉ ውስጥ ተመለሰ። በሩን ሳይዘጋ፣ ፊት ለፊቱ ቆመ።