የመዳብ ሙግት

የላቦራቶሪው አለቃ ስለ መዳብ ሲሟገት ተራራ ቦታ ይለቅለታል። በርሜል ውስጥ የሚሽከረከረው የቀለጠ ሶዲየም በራሱ ማግኔት ይወልዳል ተብሎ ዓመታት ተጠብቋል። ረዳቱ ምንትዋብ «የሚያሽከረክረውን መቅዘፊያ ከመዳብ ወደ ብረት እንቀይረው» ባለች ቁጥር፣ «ሞቼ ነው ቆሜ!» ይላታል።

ዛሬም ሞተሩ ሲያጓራ በሩ ተቆለፈባቸው፤ በርሜሉ እስኪቆም አይከፈትም። እንደ ድንጋይ ተገትሮ የኖረው የመለኪያ መርፌ ድንገት እንደ ጎረምሳ ዘለለ።

«ጋሼ፣ ማግኔቱ ተወለደ! ትናንት መቅዘፊያውን በብረት ቀይሬው ነበር!»

«አቁሚው!»

«ኧረ አንዴ እንኳ ይሸነፉ!» አለችና እየሳቀች ፍጥነቱን ጨመረች።

አለቃው በሩን በጀርባው ገፋ፤ አልተከፈተም። ሐኪሞች «ከማግኔት ራቅ» ብለው ከልቡ አጠገብ የቀበሩለትን፣ ለማንም ያልነገረውን ትንሽ መሣሪያ በሁለት እጁ ሸፈነ።