የማኅበሩ ታማኝ ተመልካቾች

«እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ አያስፈልጉንም።»

ይህን ያለው የባህል ሙዚቃ ማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ነው…

የተባሉት ደግሞ ዋናዋ ዘፋኝ። እሱን በልጅነቱ እጁን ይዘው መድረክ ላይ ያወጡት እሳቸው ናቸው።

«ምን አጠፋሁ ልጄ?»

«ምንም! እንዲያውም ጎበዝ ነዎት። ቪዲዮዎ አለን እኮ።»

ነገሩ እንዲህ ነው…

ወረርሽኝ ገብቶ አዳራሾች ሲዘጉ፣ ሥራ አስኪያጃችን አርቆ አሳቢ ነውና «ዲጂታል እንሆናለን!» አለ። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ይቀረጻል፣ እሁድ እሁድ በኢንተርኔት ይለቀቃል።

«ተመልካች ካልመጣ ግን ማኅበሩን እዘጋዋለሁ» ብሎ ማለ።

መጣ!

«ነፍስ ናችሁ!» «አለቀስኩ!» «ሥራ አስኪያጁ ይባረክ!»

በተለይ «የንጋት ኮከብ» የምትባል አንዲት ተመልካች… አንድም እሁድ ቀርታ አታውቅም። ሥራ አስኪያጁ መልስ ሲጽፍላት ክራቫቱን ያስተካክላል አሉ።

አንድ እሁድ በስህተት የድሮው ቪዲዮ ድጋሚ ተለቀቀ።

ተመልካቹ ያው! ቀዩ ልብም ያው! የንጋት ኮከብማ «ከባለፈው ይበልጣል!» አለች።

ሥራ አስኪያጁ አሰበ… ማሰብ የመሪ ሥራ ነውና።

«ቪዲዮ አይታመም፣ ደመወዝ አይል፣ አያረጅ። ታዲያ ሰዎቹ ምን ያደርጉልኛል?»

ዘፋኟንም፣ ከበሮ መቺውንም፣ ተወዛዋዦቹንም ጠራርጎ አሰናበተ።

እሁድ ደረሰ። የቦርዱን ሰብሳቢ ጋብዞ ስክሪን ፊት አስቀመጠ።

ቪዲዮው ተለቀቀ…

ጭጭ።

አንድ ልብ የለ። አንድ «ነፍስ ናችሁ» የለ።

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሰዉ የታለ?»

ሥራ አስኪያጁ ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደሆነ ብሎ ከበሮ መቺው ጋ ደወለ።

«ጋሼ፣ ቪዲዮው እርስዎ ጋ ይታያል? ተመልካቹ የት ሄደ?»

«ሥራ ፍለጋ።»

«ማን?»

«ተመልካቹ ነዋ። እኛው ነበርን እኮ ልጄ… ‹ልጁ ተስፋ እንዳይቆርጥ› ብለው እትዬ ለመኑን። በየቤታችን የውሸት ስም እያወጣን፣ ከነሚስቶቻችን ስንጽፍ ከረምን።»

ሥራ አስኪያጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«የንጋት ኮከብስ?»

«አቤት።»

ማኅበሩ ተዘጋ። እትዬ ከዚያ ወዲህ አልዘፈኑም። አሁን ያሉበት ግቢ ጎረቤቶች ዘፋኝ እንደነበሩ እንኳ አያውቁም።

ሥራ አስኪያጁ ግን ደህና ነው። «በችግር ጊዜ ዲጂታል አመራር» የሚል ስልጠና ይሰጣል… አዳራሹ ጢም ይላል አሉ።

ትምህርቱ፦ አለቃ እንዳይከፋው ተብሎ የተጨበጨበ ጭብጨባ፣ ዞሮ ጥፊ ሆኖ ይመጣል።

ውድ ቤተሰቦቻችን… እናንተ በእትዬ ቦታ ብትሆኑ፣ «ልጄ፣ ማንም አያይህም» ብላችሁ እቅጩን ትነግሩት ነበር? ወይስ እናንተም ስም ታወጡ ነበር? ከልባችሁ ጻፉልን።